በጀት ሲያጥር ማን ይቀራል? የሥራ ቦታ አካታችነት በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ

ጎንደር ውስጥ ያለ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ እምነታቸውና ብሔረሰባቸው ለተለያየ ሠራተኞች ምን አመቻችታችኋል?» ተብሎ ቢጠየቅ «በጀት የለም» የሚለው መልስ ቀድሞ ይመጣል። ሐሰት አይደለም። ኮቪድ የከተማዋን ቱሪስት አስቀረ፤ ተከትሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት ማገገም የጀመረውን ሥራ መልሶ አደከመው። ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ወረዳው ከደመወዝ የሚተርፍ የሥራ ማስኬጃ ሲያጣ፣ አካታችነት የቅንጦት ወሬ ይመስላል።

ሆኖም «በጀት የለም» የሚለው መልስ የማይመሳሰሉ ጉዳዮችን አንድ ላይ ይጠቀልላል። ማን እንደሚቀጠር አንድ ጥያቄ ነው። የተቀጠረው ሰው ሥራውን መሥራት፣ ማደግና በስብሰባ መደመጥ መቻሉ ሌላ ጥያቄ ነው። በሁለቱም ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው፣ ደንብ መቀየር ብቻ የሚጠይቀውና ምንም የማይጠይቀው ተደባልቀዋል። ይህ ዳሰሳ እነዚህን ለይቶ ለማየት ይሞክራል፤ መነሻው ግን የቅርቡ የሰው ሀብት ሰነድ ሳይሆን የከተማዋ የራሷ ታሪክ ነው።

ከግንበኛው እስከ መሬት አዋጁ

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ ስትቆረቆር ግንብ የሚገነባ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ሸቀጥ የሚያመላልስ ሁሉ ያስፈልጋት ነበር። ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት፣ ሙስሊሞች በንግድና በሽመና ይታወቁ ነበር። የቅማንት ሴቶች ለከተማዋ ማገዶ ያቀርቡ እንደነበር ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት አስፍሯል። ሥራው ቢያገናኝም ሰፈሩ ይለያይ ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የተቀመጠው ጉባኤ ክርስቲያን ያልሆነው ነዋሪ ተለይቶ እንዲሰፍር ወሰነ። አዲስ ዓለምና ካይላ ሜዳ የሚባሉት ሰፈሮች የዚያን አሰፋፈር ትዝታ ይዘው ቆይተዋል።

መገለሉ ከየት መጣ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም። ጄምስ ኪሪን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የመሬት ጉዳይን ያስቀድማል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስት ለተጠመቀ ብቻ ሲባል ያልተጠመቀው ቤተ እስራኤል መሬት አጣ፤ መሬት ያጣ ደግሞ በእጅ ሥራ ወደ መኖር አዘነበለ። ሌላው ወገን ሃይማኖቱን ያስቀድማል። ክርስቲያኑ አንጥረኛውን በቡዳነት እየፈራ ሲሸሸው፣ ቤተ እስራኤሎችም በበኩላቸው «አትንኩኝ» በሚባለው የንጽሕና ሥርዓታቸው ራሳቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ድንበሩን ያሰመሩት ሁለቱም ናቸው ይላል። ሁለቱም አስተያየቶች እውነት አላቸው። የጊዜው ቅደም ተከተል ግን ለኪሪን ያደላል፤ ምክንያቱም በዚያው እምነትና በዚያው ሥርዓት ውስጥ ሆኖ የግንበኛው ክብር ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል።

የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያስገነቡ ለቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች መሬትና ማዕረግ ይሰጡ ነበር። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የነገሥታቱ አቅም ሲዳከምና ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ትልቅ ግንባታ ቆመ። ባለሙያው ወደ ሸክላና ወደ ማረሻ ብረት ተመለሰ፣ የቡዳው ወሬም በረታ። ይህ ለዛሬው ክርክር ከማናቸውም የውጭ ምሳሌ ይልቅ ይጠቅማል። ማካተቱ በንጉሡ ግምጃ ቤት ላይ ብቻ ቆሞ ስለነበር ከግምጃ ቤቱ ጋር አብሮ ወደቀ።

ያለ ገንዘብ የተሞከረም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ፣ አንጥረኛውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ ማዋረድ ከለከሉ። በአገራችን በሥራ ምክንያት የሚደረግ መገለልን የሚከለክል ቀዳሚ ሕግ ብንለው አያሳፍርም፤ ወጪ አልነበረውም። ውጤቱም አነስተኛ ነበር፤ ስድቡን ከለከለ እንጂ መሬቱን አልነካም፣ «ጠይብ» የሚለው ቃልም ከሰው አፍ አልጠፋም። በአንጻሩ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ስለ ክብር ብዙ ሳይናገር የእጅ ባለሙያውን ባለመሬት ሊያደርገው ቻለ። ስለዚህ «ርካሽ» ከሚባሉት እርምጃዎች ውስጥ በቃል ብቻ የሚቀረውንና ማን ምን እንደሚያገኝ የሚለውጠውን መለየት ግድ ይላል። የዛሬው ክርክር አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ይመስለኛል።

ሕጉ የሚያስገድደውና የሚያስታምመው

ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ የሚደረግን አድልዎ የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ያጸደቀችው በ1958 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 እኩልነትን፣ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የሚደረግ ልዩ ድጋፍን፣ በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች የሚደረግ እርዳታን ደነገገ። ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ልዩነት ያያል። የአካል ጉዳተኞች እርዳታ በአገሪቱ አቅም ተወስኗል፤ የእኩልነት ድንጋጌው ግን ስለ አቅም አያወራም። በሌላ አነጋገር፣ «በጀት የለም» የሚለው መልስ እርዳታን ለማዘግየት የሕግ መሠረት ሊኖረው ይችላል፤ አድልዎን ለመቀጠል ግን የለውም።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይህን መስመር ወደ ሥራ ቦታ አወረደው። አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል፤ ከአቅም በላይ ጫና ሲሆንበት ብቻ ይተወዋል። ጫናው የሚለካው በማመቻቸቱ ወጪ፣ በድርጅቱ መጠንና በሠራተኛው ብዛት ነው። ስለዚህ አምስት ሠራተኛ ያለው ማተሚያ ቤትና ሺዎችን የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ እኩል አይጠየቁም። አዋጁ ኮታ አላስቀመጠም። ኮታ የሚደግፉት ጀርመንን ይጠቅሳሉ፤ እዚያ 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ 5 በመቶውን የሥራ ቦታ ለከባድ አካል ጉዳተኞች ካላደረገ ይከፍላል። የሚቃወሙት ደግሞ ሠራተኛ በወጉ በማይመዘገብበት ኢኮኖሚ ኮታ በወረቀት ላይ ብቻ ይሞላል ይላሉ። ለጎንደር ሁለተኛው ሥጋት የሚበልጥ ይመስለኛል፤ የግል አሠሪው አብዛኛው ትንሽ ነውና ኮታው የሚነካቸው ድርጅቶች በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ።

ስለ ሴቶች በመንግሥትና በግል ሕግ መካከል ቀጭን ልዩነት አለ። በ1999 የወጣው የፌደራል ሲቪል ሰርቪስ አዋጅ ቁጥር 515 ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ተዋጽኦአቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ሲያመጡ ቅድሚያ ሰጠ። የግሉን ዘርፍ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሴቷን የሚያስቀድማት ከወንዱ እኩል ስታመጣ ነው። «ተቀራራቢ» እና «እኩል» በወረቀት ላይ ይቀራረባሉ፤ በፈተና ወረቀት ላይ ሁለት ሰዎች በትክክል እኩል የሚያመጡት ግን ስንት ጊዜ ነው?

ሕጉ እንዲህ ካለ አሠራሩ ለምን ይለያል የሚለው ላይ ሦስት ማብራሪያ ይሰማል፦ አስፈጻሚ የለም፣ ሕጉን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፣ ወጪው በአንዱ ትከሻ ላይ ብቻ ወድቋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለተደጋገሙ ክብደታቸው ይጋነናል። ሦስተኛው ብዙ አይነሣም፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

ያልተቆጠረ እንዴት ይካተታል?

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ 864,218 አካል ጉዳተኞች መዘገበ፤ ከሕዝቡ 1.2 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይላል። አንዱ ቁጥር ከሌላው ወደ 15 እጥፍ ይርቃል። ልዩነቱ በአብዛኛው ከአጠያየቁ ይመጣል። «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ አባወራ የሚደብቀው አለ፤ ጆሮዋ የደከመውን አያትም ጉዳተኛ ብሎ አያስብም። «ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ ትቸገራለህ ወይ?» ሲባል ግን መልሱ ይበዛል።

ለመሥሪያ ቤት ይህ ተግባራዊ ነገር ነው። የሠራተኛ መረጃ ቅጽ ላይ «አካል ጉዳት አለ/የለም» የሚለውን ሳጥን ትቶ «ሥራህን ለመሥራት ምን ያስቸግርሃል?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ገጽ ወረቀት የዘለለ ወጪ የለውም። መልሱም ለአካል ጉዳተኛ ብቻ አይሆንም፤ የምታጠባ እናት፣ ስኳር ያለበት ሹፌር፣ የማታ ተማሪ ሁሉም የሚሉት አላቸው።

ብሔረሰብንና ሃይማኖትን መቁጠር ግን ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ወገን ያልተቆጠረ መድልዎ አይረጋገጥም ይላል፤ ተዋጽኦ የሚለው የሕግ ቃልም ቁጥር ይፈልጋል። ሌላው ወገን በዚህ ዘመን የሠራተኛን ብሔር የሚዘረዝር ዝርዝር ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም ሲል ይሠጋል። በጎንደር አካባቢ ሥጋቱ ባዶ አይደለም። ቅማንት በ1999ኙ ቆጠራ ራሱን በቻለ መለያ ሳይመዘገብ መቅረቱ ቅሬታ አስነሣ፤ በ2007 ዓ.ም. የክልሉ ምክር ቤት የራስ አስተዳደር ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላም ጉዳዩ ወደ ደም መፋሰስ አመራ። መቁጠርም አለመቁጠርም ዋጋ አስከፍለዋል። ማንነትን ከመጠየቅ ችግርን መጠየቅ ለትንሽ መሥሪያ ቤት የተሻለ መንገድ ነው ብል እደፍራለሁ፤ ይህ ግን የተዋጽኦን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል።

የትኛው ይሠራል? የማስረጃው ሚዛን

ስለ አካታችነት ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ሥልጠና ነው። አዳራሽ፣ አሠልጣኝ፣ አበል፣ ሻይ ቡና፣ ባነር። ከሁሉም የሚታየው እሱ ነው፤ ገንዘቡንም የሚወስደው እሱ ነው። አሌክሳንድራ ካሌቭ፣ ፍራንክ ዶቢንና ኤሪን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ያሉ 708 የግል ድርጅቶችን ከ1971 እስከ 2002 ያለ መረጃ መርምረው ሴቶችንና ጥቁሮችን ወደ ኃላፊነት በማምጣት ረገድ ደካማ ውጤት ያሳየው የብዝኃነት ሥልጠና መሆኑን አገኙ። የተሻለው ኃላፊነቱን ለአንድ ስሙ ለታወቀ ሰው ወይም ኮሚቴ መስጠትና በየጊዜው ማስጠየቅ ነበር። ነባር ሠራተኛ አዲሱን እንዲያቀርበው ማድረግም መጠነኛ ውጤት ነበረው። የአሜሪካን ትልልቅ ድርጅቶች ከጎንደር ጽሕፈት ቤቶች ጋር ማመሳሰል አይቻልም። ቢሆንም ውጤቱ ገንዘብ ላነሰው ተቋም ይበጃል፤ ደካማው ዘዴ ውድ ነው፣ ጠንካራው የደብዳቤ ወረቀት ብቻ ይጠይቃል።

ከአገር ውስጥ ያለው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ግሩም አበበ ከሌሎች አምስት ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመው ሙከራ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች ሁለት ነገር አቀረበ። ለአንዱ ቡድን ወደ መሐል ከተማ ለመምጣት የትራንስፖርት ገንዘብ፤ ለሌላው ስለ ማመልከቻ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ አጭር ትምህርትና ችሎታውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት። የትራንስፖርቱ ጥቅም ቶሎ ታይቶ ቶሎ ጠፋ። የምስክር ወረቀቱ ቡድን ከአራት ዓመት በኋላ ገቢው በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ የበለጠ የተጠቀሙትም ከሥራ ገበያው ርቀው የቆዩት ናቸው። ርቀት አንዱ እንቅፋት ነበር፤ ሰውየው ምን እንደሚችል በአሠሪው ዘንድ አለመታወቁ ግን የከፋው ነበር።

ይህን ወደ ሰሜን ጎንደር ስናመጣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ወረቀቱ በግቢው በር ላይ ይለጠፋል። ጾታ፦ አይለይም። ምዝገባው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት። አመልካቾች የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ በአካል ቀርባችሁ እንድትመዘገቡ፤ የሰው ሀብት ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በዚህ ወረቀት ውስጥ አንድም የአድልዎ ቃል የለም። ግን ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ የምትመጣ ልጅ ወሬውን ሰምታ፣ መኪና አግኝታ፣ አድራ እስክትደርስ አምስቱ ቀን አልቋል። በዊልቸር የሚሄደው ደግሞ ጎንደር ሆኖ እንኳ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም። ቀኑን ማራዘም፣ በስልክ መመዝገብ፣ ዋናውን ማስረጃ ለተመረጠው ሰው ብቻ ማስመጣት፣ መመዝገቢያውን ምድር ቤት ማውረድ፦ ከእነዚህ አንዱም የግዢ ጥያቄ አይጻፍለትም። «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚለው መስመር ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ መለመዱ ይገርማል፤ ከምኒልክ አዋጅ ጋር የሚመደበው እሱ ነው።

በአሜሪካ የሥራ ቦታ ማመቻቸትን የሚያማክረው ተቋም ለዓመታት በአሠሪዎች ላይ ባደረገው ዳሰሳ ከማመቻቸቶች ግማሽ ያህሉ ምንም ወጪ እንዳልጠየቁ ተነግሮታል። ቁጥሩን የሚጠራጠሩ አሉ፤ ተቋሙን የሚያማክሩት አሠሪዎች ቀድሞውኑ ፈቃደኛ የሆኑት ናቸውና። ለአገራችን እንዲህ ያለ ቆጠራ ባይኖርም ከዓይን የማይርቅ ምሳሌ አለን። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከጧቱ 5:30 እስከ 7:30 ይዘጋሉ፤ ለጁምዓ ሰላት እንዲመች ተደርጎ የተቀመጠ ሰዓት ነው። ለዚህ የወጣ በጀት የለም፤ የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ተሸጋሽጎ ብቻ ነው። ሙስሊሞች የእምነት እኩልነት እንዲከበር ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ከወጡ በኋላ በዓሎቻቸው ብሔራዊ በዓል ሆነዋል። የሰዓት ሠንጠረዥ መቀየር ከባድ የፖለቲካ ድርድር ጠይቆ ሊሆን ይችላል፤ ከተቀየረ በኋላ ግን ማንም እንደ ልዩ ድጋፍ አይቆጥረውም። የሠራተኛ ግብዣ ሲኖር የጾም ምግብ ማቅረብም ከዚሁ ይመደባል፤ የማን ቢላዋ ነው የሚለውን ጥያቄ ሳያነሡ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ዋጋውም ከክትፎ ያንሳል።

የደባርቅ ተራ

በደጋው ውስጥ ከሁሉም የሚያከራክረው ምሳሌ ደባርቅ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ወደ ፓርኩ የሚገባ እንግዳ አስጎብኚ፣ የታጠቀ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ይይዛል። እነዚህ በየማኅበራቸው ተደራጅተው ሥራውን በተራ ይካፈሉታል። የሚያስፈልገው መዝገብና ታማኝ ጸሐፊ ነው። ዘመድ ያለው አይቀድምም፣ እንግሊዝኛ የሚቀናው ብቻውን አይጠግብም።

የሚነቅፉት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ጥራትን ያነሣሉ፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ተራ ካገኘ ለመጎበዝ ምን ያነሣሣል? ለዚህ መልስ አለ፤ ወደ መዝገቡ ለመግባት ብቃት መፈተን፣ ከገቡ በኋላ ተራ ማክበር። ሁለተኛው ነቀፋ ይከብዳል። ተራ እኩል የሚያደርገው መዝገቡ ውስጥ ያሉትን ነው። በበቅሎው መዝገብ መግባት በቅሎ ይጠይቃል፤ በቅሎ ደግሞ ሣርና ገንዘብ። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ከ400 በላይ ቤተሰቦች የግጦሽ መሬታቸውን ትተው ነው የመጡት። ሴት አስጎብኚዎችና ስካውቶች ጥቂት ናቸው። ቤት ውስጥ ማብሰል የሴት ነው በሚባልበት አገር ካምፕ ላይ ድስቱን የሚይዘው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ምክንያት ተብሎ የሚሰጠው ጫካ ማደሩ ነው። ለዚህ የሚሆን አንድ ተለይቶ የተከለለ ማደሪያ ድንኳን ምን ያህል ያስወጣል የሚለውን ማንም አስልቶ ሲከራከር አይሰማም።

ሌላው መንገድ ቋሚ ቅጥር ነው። በአካባቢው ሁለት አስጎብኚዎች መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ሊማሊሞ ሎጅ የአካባቢውን ሰው ቀጥሮ ማሠልጠንን መርጧል። ቋሚ ቅጥር ጥቂቶችን በደንብ ያቆማል፤ ተራ ብዙዎችን በጥቂቱ ያደርሳል። ቱሪስት ሲጠፋ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ደመወዝ ለመክፈል ገቢ ያስፈልጋል፣ መዝገቡ ግን እንግዳ እስኪመለስ ሳይከፈልበት ይጠብቃል። የትኛው ይሻላል የሚለው በደህና ጊዜና በክፉ ጊዜ አንድ መልስ ያለው አይመስለኝም።

ለብቻ ወይስ አብሮ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ወለቃ ይገኛል፤ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረ። በ1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን ነዋሪዎቹን ወደ እስራኤል ወሰዱ፤ ሸክላው ግን አልቆመም። ፕላውሼር የሚባለው የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ እዚያው ችግረኛ ሴቶችን ሸክላና ሽመና ያስተምራል። አንድ ጊዜ ያስነውር የነበረ ሙያ የገቢ ምንጭ ሆኗል።

እንዲህ ያለውን ለብቻ የተቋቋመ የሥራ ቦታ የሚደግፉት ሌላ ቦታ የማያገኙት ክብርና ገቢ እዚያ አለ ይላሉ፤ ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል፣ ስላለፈ ሕይወት የሚጠይቅ የለም። የሚተቹት ደግሞ ሌላው አሠሪ «እነሱ የራሳቸው ቦታ አላቸው» ብሎ እንዲያርፍ ምክንያት ይሰጠዋል ይላሉ። በዚህ ላይ ገበያው ቱሪስት ነው። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ ክርክሩን ከሌላ በኩል ይከፍተዋል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራን በጾታ አይከፍልም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፣ ይጋግራል። ሲጀምር ምንም ገንዘብ አልነበረውም፤ ድህነት ሰበብ ነው ለሚለው ሰው ብርቱ ማስረጃ ነው። ግን ይህን ያደረገው ተለይቶ በመኖር፣ በጎረቤት ተጠልቶ፣ በደርግ ዘመን እስከ መሰደድ ደርሶ ነው። ወጪው በብር አልተቆጠረም እንጂ ከባድ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ዋጋ ከአንድ ተራ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መጠየቅ ይቻላል ወይ? አይመስለኝም።

በርካሽ የማይሆነው

እስካሁን የተባለው «አካታችነት ነጻ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ቢያደርስ ስሕተት ይሆናል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ደመወዝ ይፈልጋል። ማየት ለተሳነው የሒሳብ ሠራተኛ ስክሪን የሚያነብለት ኮምፒውተር ይገዛል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖር አዘዘ፤ ዳገታማ በሆነችው ጎንደር አስቀድሞ የተሠራን ሕንጻ ማስተካከል ግን ከአዲሱ ይልቅ ያስወጣል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ በኩል አገሪቱ ውስጥ የተለየ ልምድ አለው። በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የጀመረው ተቋም በ1990ዎቹ መጨረሻ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት ከፍቶ አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው መከታተል ያዘ። ቆይቶም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአሥር ዓመት ፕሮግራም ተዋዋለ። ዕቅዱ አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ 450 ተማሪዎች በጎንደር እንዲማሩ፣ 60 የዩኒቨርሲቲው መምህራን በካናዳ እንዲሠለጥኑ ነው። ይህ የንጉሡ ግምጃ ቤት ዓይነት ማካተት ነው፤ ትልቅ ነው፣ ይታያል፣ ጊዜ አለው። የሚመዘነውም ሲዘጋ ነው፤ የትኛው የሥራ መደብ በዩኒቨርሲቲው መዋቅር ገብቶ ከመንግሥት በጀት ደመወዙን ያገኛል፣ የትኛውስ ከፕሮጀክቱ ጋር ይሄዳል? ተመርቀው የሚወጡትን የሚቀጥር አሠሪ ከተማው ውስጥ ካልተገኘ ደግሞ ጥያቄው ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ይወድቃል።

ወጪው በአንዱ ትከሻ ላይ ብቻ ወድቋል ወደሚለው ማብራሪያ ልመለስ፤ ምሳሌው የወሊድ ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ አባትየው ሦስት ቀን። ከፋዩ አሠሪው ራሱ ነው። ለትልቅ መሥሪያ ቤት ይህ ብዙም አይደለም። አምስት ሠራተኛ ላላት የፋርማሲ ባለቤት ግን የአራት ወር ሁለት ደመወዝ ነው፤ ለወለደችውና ለተኪዋ። በቃለ መጠይቅ ላይ «አግብተሻል?» የሚለው ጥያቄ ከክፋት ብቻ የመጣ አይደለም። ሕጉ መብቱን ለሴቷ ሰጥቶ ሒሳቡን በቀጣሪዋ ላይ ሲጥል ወጣት ሴትን ላለመቅጠር ምክንያት ፈጥሯል። የዓለም ሥራ ድርጅት የወሊድ ስምምነት ቁጥር 183 ክፍያው በመሠረቱ ከማኅበራዊ መድን ወይም ከመንግሥት ገንዘብ እንዲሆን የሚመክረው በዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔ ሆኖ የሚቀርበው የጋራ ቋት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ከተደነገገ ወዲህ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መሰብሰቢያው መንገድ ተዘርግቷል። በዚያ ላይ ትንሽ መቶኛ ጨምሮ የወሊድ ክፍያን ከዚያ ማውጣት ሴት የቀጠረውንና ያልቀጠረውን እኩል ያደርጋል። ተቃውሞው ሁለት ነው። አንደኛው በኑሮ ውድነት የተያዘ አሠሪና ሠራተኛ ላይ ሌላ መዋጮ መጫን ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ ቋቱ የሚደርሰው ለተመዘገበ ሠራተኛ ብቻ ነው። በቀን ሥራ ድንጋይ የምትሸከመው፣ አራዳ ገበያ የምትቸረችረው፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ ከደባርቅ በላይ ገብስ የምታጭደው የጡረታ መለያ ቁጥር የላቸውም፤ ከላይ የተዘረዘሩት አዋጆች አብዛኞቹም በተግባር እነሱ ዘንድ አይደርሱም።